ጎንበስ ስል የማይሸሽ ውሻ



እኔ ዕድሜዬን ጠመኔ ይዤ ያሳለፍኩ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ስለ በሽታና ስለ መድኃኒት ለእናንተ ለእንስሳት ሕክምና ተመራቂዎች የምነግራችሁ የለኝም። አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ከውሻ ጋር መኖር ምን እንዳስተማረኝ እንድናገር ነው። በደስታ ነው የተቀበልኩት፤ ምክንያቱም በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለ ውሻ በቁም ነገር መናገር አያሳፍርም።

ቡቺ ከመንገድ የመጣ የሐበሻ ውሻ ነበር። አንድ ክረምት ከአጥራችን ሥር ተጠለለ፣ ልጆቼ ፍርፋሪ አወጡለት፣ በዚያው ቀረ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ ባልኩ ቁጥር እየተፈተለከ የግቢው ጥግ ላይ ይቆማል። ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሀገራችን መንገድ ላይ ያደገ ውሻ፣ ሰው ጎንበስ ሲል ድንጋይ ሊያነሳ እንደሆነ ያስባል። ይህን ከእናቱ ሆድ ይዞት አልመጣም፤ ከእኛ ተማረው።

ሰው ቢሆን ኖሮ «አይዞህ፣ አልመታህም» ብዬ ቃል እገባለት ነበር። ለቡቺ ቃል ምኑም አልነበረም። የነበረኝ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ጎንበስ ብዬ ክሬን ማሰር፣ ባዶ እጄን ይዤ ቀና ማለት፣ በማግስቱም ያንኑ መድገም። ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ክሬን ሳስር ቡቺ ከተኛበት አልተነሳም፤ ጆሮውን ብቻ ቀና አድርጎ አየኝና መልሶ ተኛ። በመምህርነት ዘመኔ ብዙ የሚያስደስት ነገር አግኝቻለሁ፤ ከዚያ ጠዋት የሚበልጡት ግን ጥቂት ናቸው።

ያን ጊዜ ገና አስተምር ነበር። በክፍሌ ውስጥ፣ ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ እጄን ሳነሳ ራሱን በክንዱ የሚከልል አንድ ልጅ ነበረ። ከቡቺ በኋላ ያን ልጅ በሌላ ዓይን አየሁት። አልጠየቅሁትም፣ አልመከርኩትም። በዴስኩ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ደብተሩን ብቻ አይቼ፣ «ጎበዝ» ብዬ አልፋለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ እጁን አውጥቶ ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ሆነ። የተጎዳ ፍጥረት እምነት የሚመለሰው በአንድ ትልቅ ደግነት አይደለም። ሳይሰለቹ በሚደጋገም ትንሽ ነገር ነው፤ እሱንም ያየሁት በቡቺ ነው።

ውሻ በዓል የለውም፤ «ዛሬ ደክሞኛል» አይገባውም። ሁዳዴ ገብቶ ሉካንዳ ቤቱ ሲዘጋም ሰዓቱ ሲደርስ ሳህኑ አጠገብ ይቀመጣል። ባለቤቴ ሽሮውን በእንጀራ ፈትፍታ ትሰጠዋለች። በምላሹ ሌሊቱን ይጠብቀናል። ጩኸቱ የተለያየ ነበር፤ ለጅብ ሌላ፣ ለሰው ሌላ፣ ለሚያልፍ ውሻ ሌላ። ባለቤቴ ከአልጋዋ ሳትነሳ ትለየዋለች። «ጅብ ነው፣ ተኛ» ትለኛለች፤ ወይም «ሰው ነው፣ ተነሳ»። እኔ መጽሐፍ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በዚያ ቤት ውስጥ በትክክል የሚያደምጠው ሰው ግን እሷ ነበረች።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ቡቺ እያረጀ ሲሄድ ምግብ መተው ጀመረ። አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ቤታችን መጣ። ቦርሳውን እንኳ አልከፈተም። ግቢው መካከል መሬት ላይ ቁጭ አለና ቡቺ በራሱ ጊዜ መጥቶ እጁን እስኪያሸት ጠበቀ። ከዚያ የጠየቀው ጥያቄ «ባለቤቱ ማን ነው?» የሚል አልነበረም፤ «የሚያበላው ማን ነው?» አለ። ባለቤቴ ቀረበች። ውኃ ይጠጣል ወይ? አጥንት ሲሰጠው ይሸሻል ወይ? በየትኛው ጎኑ ነው የሚያኝከው? «በግራው ብቻ ነው፣ ልጄ» አለችው። ሐኪሙ ቀስ ብሎ የቀኙን ከንፈር ገለጥ አደረገ፤ ከመንጋጋው ሥር መግል ቋጥሮ ነበር። ምርመራውን ግማሽ መንገድ ያደረሰችው ሳህን የምታቀርብለት ሴት ናት።

ነገ ወደ ወረዳ ስትወጡ ይህን አትርሱብኝ። አባወራው የላሚቱን ዋጋ ያውቃል፤ ትናንት ማታ ወተቷ መቀነሱን የምታውቀው ግን የምታልባት እናት ናት። በጉ ከመንጋው ወደ ኋላ መቅረት የጀመረው መቼ እንደሆነ የሚነግራችሁ እረኛው ልጅ ነው። በሽተኛችሁ አይናገርም። ስለ እሱ የሚናገሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም የማይጠይቃቸው ሰዎች ናቸው። ሐኪም መጣ ሲባል ከኋላ የሚቆሙትን ወደ ፊት ጥሯቸው።

ቡቺ ከዚያ በኋላም ኖረ፤ በመጨረሻ በእርጅና ሞተ። ከጓሮ ቀበርነው። ጎረቤት «ለውሻም ይለቀሳል እንዴ?» አለ፤ ክፋት አልነበረውም፣ ልማዱ ነው። እኔ ያለቀስኩት ግን ለወዳጅ ነው፤ አላፈርኩበትም። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት የታመመ ውሻ በነጠላ ጠቅልለው ወደ ክሊኒካችሁ ይመጣሉ። ምናልባት ከእሱ ሌላ በሩን የሚጠብቅላቸው የለም ይሆናል። እባካችሁ፣ እንዳትስቁባቸው።

አሁን ፍቅር ብቻውን ስለማይበቃበት ነገር ልናገር። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በእብድ ውሻ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ እስከ 99 በመቶ የሚሆነውን የሚያስተላልፈው ውሻ ነው። በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጅ ውሻ ይወዳል፣ ይጠጋል፤ ሲነከስ ደግሞ እንዳይቆጡት ይደብቃል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ለማለት ይደፈራል። ከዚያ በፊት ግን ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና ሳይዘገዩ ክትባት መጀመር ሕይወት ያተርፋል። ሕዝባችን በጸበል ያምናል፤ እኔም አምናለሁ። ጸበሉም ይጠጣ፣ ክትባቱም አይቅር። አንዱ ሌላውን አይከለክልም፤ ይህን በአክብሮት ልታስረዱ የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

ጉዳቱ በሰው ብቻ አያበቃም። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎቻችን በዚሁ በሽታ ደጋግመው አልቀዋል፤ በሽታው የደረሰባቸው ከብት ተከትለው ደጋ ከሚወጡ ውሾች ነው። ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም የማይገኘው ይህ እንስሳ ዛሬ በመላ ሀገሪቱ ያለው ቁጥር ከ500 በታች ነው። እዚያው ባሌ፣ ሳኔቲ ላይ አንድ ቀበሮ ጎህ ሲቀድ አይጥ ሲያድን ያየ ሰው የዚህ ቁጥር ትርጉም ይገባዋል። የእረኛው ውሻ ጥፋት የለበትም፤ ያልተከተበው እሱ መርጦ አይደለም።

በክትባቱ ነገር ለውሻ ባለ ዕዳዎች ነን። እ.ኤ.አ. በ1885 ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ክትባት ሲያስወጋው፣ ክትባቱ አስቀድሞ የተሞከረው በውሾች ላይ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ «ፓስተር» እያልን የምንጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ ሰው ከተሰየመው ተቋም ነው። ስንቱ የተነከሰ ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደዚያ ወጥቷል! ልጆቻችንን ያተረፈው ዕውቀት በውሾች ሕይወት የተገኘ ከሆነ፣ ያንኑ ዕውቀት መልሰን ለእነሱ መስጠት ችሮታ አይደለም።

ከባድ ሥራም አይደለም። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። የባዘነን ውሻ በመርዝ መግደል ግን ብዙ ዘመን ተሞክሮ በሽታውን አላጠፋውም፤ የሞተውን ቦታ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይይዘዋል። መርዝ የበላ ውሻ አሟሟቱን ያየ ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። የቀበሌው ሊቀ መንበር «መርዙን አምጡ» ሲላችሁ፣ «ክትባቱን እናምጣ» የምትሉ ሰዎች እንድትሆኑ እለምናችኋለሁ።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ተጨባጭ ነገር አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በዓለም ዙሪያ የሚታሰበው ሴፕቴምበር 28 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ይውላል። ልጆች ገና ከበዓሉ ደስታ ያልወጡበት፣ መንገዱም የደረቀበት ጊዜ ነው። በተመደባችሁበት ቦታ ሁሉ በዚያ ሰሞን ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጋር ተነጋገሩና አንድ የክትባት ቀን ቁረጡ። ልጆቹ ውሾቻቸውን በገመድ አስረው ያምጡ። እያንዳንዱ ልጅ የውሻውን ስም ነግሯችሁ በመዝገብ ይጻፍለት፤ ስሙ በተጻፈለት ውሻ ላይ ድንጋይ ለመወርወር የሚቸኩል ልጅ ጥቂት ነው። እኔም በሰፈሬ እንዲህ ያለ ቀን ስትቆርጡ ሁለት ሥራ እችላለሁ፤ መዝገብ መያዝና ሰልፍ ማስያዝ፤ አርባ ዓመት ገደማ የሠራሁት እሱን ነው። አሁን ደግሞ ቤታችን አንዲት ቡችላ ገብታለች፤ ሦስት ወር ሊሞላት ነው፣ ክትባቷ ደርሷል። እሷን ይዤ ቀድሜ እሰለፋለሁ።