ሬቲናን ማየት፦ ለዓይን ሕክምና ተመራቂዎች የቀረበ ንግግር

ሬቲና ከዓይን ጀርባ የተነጠፈ ስስ የነርቭ ሽፋን ነው፤ ውፍረቱ በአማካይ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለብዙ ዘመን በሕይወት ባለ ሰው ዓይን ውስጥ ሬቲናን በወጉ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1851 ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ያስተዋወቀው ኦፍታልሞስኮፕ መንገዱን ከፈተ። ወደ ዓይን የገባ ብርሃን በመጣበት መስመር ስለሚመለስና የተመልካቹ ራስ መንገዱን ስለሚከልል ብሌኑ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ሄልምሆልትዝ ብርሃኑን በመስታወት አንጸባርቆ ከሐኪሙ እይታ ጋር በአንድ መስመር ላከው።

ሐኪሙ ያየውን የሚያስቀረው ግን በእጁ ሥሎ ነበር። ካሜራ ይህን ድካም አቃለለ፤ የደም ሥሮችን ሥራ ያሳየው እርምጃ ግን የመጣው ከሁለት የሕክምና ተማሪዎች ነው። ሃሮልድ ኖቮትኒና ዴቪድ አልቪስ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ ፍሎረሲን የተባለ ቀለም በክንድ ደም ሥር እየሰጡ ሬቲናን በሰማያዊ ብርሃን ፎቶ የማንሣት ዘዴያቸውን እ.ኤ.አ. በ1961 አሳተሙ። ቀለሙ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ባለው ጊዜ ዓይን ይደርስና ሥሮቹ ቢጫ አረንጓዴ ሆነው ያበራሉ። ጤነኛ ሥር ቀለሙን ይዞ ያልፋል። በስኳር ሕመም የተጎዳው ያፈስሳል፤ መጀመሪያ ነጥብ የነበረው ብሩህ ቦታ ከፎቶ ወደ ፎቶ እየሰፋ ሲሄድ በዓይን ይታያል።

ሁለተኛው ታላቅ ለውጥም የተማሪ እጅ አለበት። ዴቪድ ሁዋንግ ገና በትምህርት ላይ ሳለ፣ ጄምስ ፉጂሞቶንና ኤሪክ ስዋንሰንን ጨምሮ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ኦሲቲን አስተዋወቀ። መሣሪያው ዓይንን ሳይነካ ብርሃን ይልካል፤ ከየንብርብሩ የሚመለሰውን ለክቶ ሬቲናን ተቆርጦ እንደታየ አድርጎ ያሳያል። ግላኮማ ያለበት ሰው የጎን እይታው መጥበቡን ሳያስተውል የነርቭ ክሮቹ መሳሳት በኦሲቲ ሊለካ ይችላል። ማዕከላዊው ሬቲና ሲያብጥም ለሕክምናው ዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌ እየረዳ መሆኑ የሚታወቀው በዚሁ ልኬት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ምስልን የሚያነብ ሶፍትዌር ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 አይዲኤክስ-ዲአር የተባለውን ፈቀደ፤ በስኳር ሕመም የሚመጣ የሬቲና ጉዳትን ሐኪም ምስሉን ሳያነብ ይለያል። ለኢትዮጵያ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው፤ የሬቲና ስፔሻሊስት ከዋና ከተሞች ውጭ እምብዛም አይገኝም፤ ጉዳቱም መጀመሪያ ላይ ሕመምም ብዥታም ላይኖረው ይችላል።

ይሁንና ማሽኑ የሚያነበው የጠራ ምስል ነው። በኢትዮጵያ ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት መንስኤ የዓይን ሞራ ነው፤ በሞራ ወይም በጠበበ ብሌን በኩል የተነሣ ፎቶ ይደበዝዛል። የዛሬዎቹ ተመራቂዎች በየጤና ተቋሙ ይህን ደጋግመው ያዩታል። የደበዘዘ ምስል ዓይኑ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ እንደገና ማንሣት፣ አሁንም ካልጠራ ታካሚውን ወደ ዓይን ሐኪም መላክ ያስፈልጋል። ጉዳት ከተገኘም ሌዘር ወይም መርፌ የሚሰጥበት ቦታና የቀጠሮው ቀን ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ ሊነገረው ይገባል።