የዲግሪ ነጥብ ሥራ ለሚፈልግ ሰው ምን ያህል ይጠቅማል?

(ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ሹማምንት የተደረገ ንግግር)




የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ለሚያስተምር ሰው ከዚህ ይልቅ አዘውትሮ የሚቀርብለት ጥያቄ ያለ አይመስለኝም። ተማሪው የመጨረሻውን ውጤት ከተቀበለ በኋላ ወረቀቱን እንደ ያዘ ይመጣና «መምህር፣ አማካይ ነጥቤ 2.3 ነው፤ በዚህ ሥራ አገኛለሁን?» ይላል። «አትጨነቅ» ብሎ መሸኘት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ይህ መልስ አይባልም።

አስቀድሞ ነገሩ ከወዴት እንደ መጣ መመልከት ያስፈልጋል። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት በጀመረ ጊዜና በ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ምሩቃን ባስመረቀ ጊዜ፣ ዲግሪ የያዘ ሰው ሥራ ፈላጊ ሳይሆን ተፈላጊ ነበር። መሥሪያ ቤቶች የተማረ ሰው ተርበው ስለ ነበር ዲግሪውን ተመልክተው ይቀበሉት ነበር እንጂ ነጥቡን መርምረው የሚመልሱት አልነበረም። በኋላም በደርግ ዘመን ምሩቁን መንግሥት ራሱ ወደ ሥራ ይመድበው ስለ ነበር፣ ነጥብ በማስታወቂያ ላይ ተጽፎ የሥራ ፈላጊውን ዕድል የሚቆርጥበት ጊዜ ገና ነበረ። ምደባው ከቀረ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በመላው አገር በጣት ይቈጠሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች፣ የመንግሥቶቹ ብቻ እንኳ ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል፤ የግል ኮሌጆች ደግሞ ከዚህ ሌላ ናቸው። ምሩቁ በዛ፤ ሥራው ግን በዚያው መጠን አልበዛም። ባለ ዲግሪው ወጣት ኮብልስቶን ሲያነጥፍ ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

በአራት ኪሎ አደባባይ አጠገብ ማስታወቂያ የሚያነብቡትን ወጣቶች ያየ ሰው የሚከተለውን አጻጻፍ አይስተውም፤ «የትምህርት ደረጃ፦ የመጀመሪያ ዲግሪ፤ የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት፤ አማካይ ነጥብ፦ ለወንድ 2.75፣ ለሴት 2.50 እና ከዚያ በላይ»። (ዜሮ ዓመት ልምድ የሚባለው አነጋገር ለብቻው የሚያስገርም ነው፤ የሌለ ነገር እንደ መመዘኛ ተቈጥሮ ይጻፋል።) ይህ ቍጥር ከየት መጣ? ባለ 2.75 ከባለ 2.70 ይልቅ ለገንዘብ ቤት ሥራ የተሻለ መሆኑን የመረመረ ሰው ኖሮ አይደለም። ለጥቂት ቦታ እጅግ ብዙ ሰው ስለሚያመለክት፣ የሠራተኛ አስተዳደሩ ጸሓፊ የሁሉን ማመልከቻ አንብቦ መጨረስ አይችልም፤ ቍጥር ግን ሳያነብቡ ለመለየት ያመቻል። ስለዚህ ነጥቡ በዚህ ስፍራ የሚያገለግለው እንደ ወንፊት ነው። ወንፊት ደግሞ የሚለየው በመጠን እንጂ በጣዕም አይደለም።

ይህን ስል ግን ነጥብ ከንቱ ነው ብዬ ለሰነፍ ተማሪ ማጽናኛ መስጠቴ አይደለም። ለዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህርነት፣ ለሁለተኛ ዲግሪና ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ነጥብ ዋና ነገር ነው፤ ደግሞም ተገቢ ነው፤ የሚሠራው ሥራ ከተማሩት ትምህርት ጋር ይመሳሰላልና። በጎረቤታችን በሱዳንም እንዲሁ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ በ1956 እ.ኤ.አ. የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ዲግሪን በማዕርግ የመከፋፈሉን የእንግሊዝ ልማድ ወርሶ ቆየ፤ በማዕርግ የላቁትንም ረዳት አስተማሪ አድርጎ ማስቀረት የተለመደ ነው። ነገር ግን ልማዱ በተወለደበት በእንግሊዝ አገር እንኳ፣ ኧርነስት ኤንድ ያንግ የተባለው ትልቅ የሒሳብ ምርመራ ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. የዲግሪ ማዕርግን ለመቅጠር ግዴታ አድርጎ መጠየቁን እንደሚተው አስታውቋል። አመልካቹን በራሱ ፈተና መመዘን መርጧል።

አሁን ደግሞ ስለማውቀው ስፍራ ልናገር። ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት ካርቱም ውስጥ በአርካዊት ሰፈር ለኢትዮጵያውያን ልጆች በማስተማር ጥቂት ዓመታት አሳልፌአለሁ። አርካዊት ስሟ በቀይ ባሕር ተራሮች ላይ ካለችው ቀዝቃዛ ከተማ ስም ጋር አንድ ይሁን እንጂ፣ ሙቀቷ እንደ ካርቱም ሁሉ ሙቀት ነው። በመተማ በኩል የሚመጣው ወገናችን ከሚሰፍርባቸው ሰፈሮች አንዷ ነበረች። ሴቶቹ በሰው ቤት ይሠራሉ ወይም በጥላ ሥር ሻይና ቡና ይሸጣሉ፤ ወንዶቹ በምግብ ቤትና በየሱቁ ይቀጠራሉ። ከእነዚህም መካከል ዲግሪ ያላቸው ነበሩ። ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሻንጣው ሥር ይቀመጣል። አሠሪው የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ዐረብኛ ትናገራለህን? ሥራውን ታውቀዋለህን? የሚያውቅህ ሰው ማን ነው? ነጥብህ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

ከእነርሱ አንዱ በሒሳብ ትምህርት የተመረቀ ወንድማችን ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ነጥቡ ከ2.5 ያነሰ ስለ ነበረ በአገሩ በብዙ በር ተመልሷል። በአርካዊት ቀን ቀን የአንድ ምግብ ቤት ሒሳብ ይይዛል፤ ማታ ማታ ደግሞ የሠፈሩን ልጆች ሒሳብ ያስተምራል። እኔ በሰሌዳ ሦስት ጊዜ ጽፌ ያላስረዳኋቸውን ክፍልፋይ፣ እርሱ እንጀራ በመቍረስ በአንድ ማታ ያስረዳቸው ነበር። ወላጆች ከኪሳቸው አዋጥተው ይከፍሉት ነበር፤ ይህም ልጆቻቸው ሲለወጡ ስላዩ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በመተማ በኩል ወደ አገሩ ተመለሰ።

ተመልሶ ግን ምን አገኘ? ማስታወቂያው ያንኑ ነጥብ ይጠይቃል፤ ይባስ ብሎም «ከዚህ ዓመት ወዲህ የተመረቀ» የሚል መስመር ተጨምሮበታል። በካርቱም የያዘው ሒሳብና ያስተማራቸው ልጆች በማኅተም የተደገፈ ማስረጃ ስለሌላቸው ልምድ ተብለው አይቈጠሩም። እንግዲህ ሰውየውን የሚመዝነው ከዐሥር ዓመት በፊት የተሰጠው ቍጥር ብቻ ሊሆን ነው። ከካርቱም በጥድፊያ ከወጡት አንዳንዶቹ የምስክር ወረቀታቸውን እንኳ ይዘው አልመጡም፤ እነዚህ ደግሞ ነጥባቸውን ለማስረዳት ወደ ተማሩበት ሬጅስትራር መመለስ ግድ ይሆንባቸዋል።

ይህን ቍጥር የሚሰጠው ማን ነው? እኛ ነን፤ መምህራን። አንዱ መምህር ተማሪውን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር እያነጻጸረ፣ ሌላው በተወሰነ መለኪያ፣ ሦስተኛው በርኅራኄ ነጥብ ይሰጣል፤ ሦስቱም «ቢ» ብለው ይጽፉታል። በ2015 ዓ.ም. በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ላይ የመውጫ ፈተና ሲጀመር፣ የማለፊያው ልክ 50 ከመቶ ሆኖ ሳለ፣ ከተፈተኑት እኩሌታዎቹ እንኳ አላለፉም። እነዚህ ሁሉ ትምህርታቸውን በመምህሮቻቸው ነጥብ ያጠናቀቁ ነበሩ። ፈተናው ከነቀፋ የጸዳ ነው አልልም፤ የአንድ ቀን ፈተና የአራት ዓመት ትምህርት ይመዝናል ማለት ይከብዳል። ይሁንና አሠሪው የእኛን ነጥብ ማመን አቅቶት የራሱን ፈተና ቢጨምር ልንወቅሰው አንችልም።

በተለይ ለእኛ ሞያ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በብዙ ዓመታት ወደ መምህራን ኮሌጅ የሚገባው በአብዛኛው ዐሥረኛ ክፍልን ፈጽሞ ለመሰናዶ ነጥብ ያልበቃው ነበር። እንዲህ ሲሆን ነጥብ ሰውን ወደ ማስተማር የሚመራ ሳይሆን የሚገፋ ሆነ፤ ተማሪዎቼም መምህርነትን የተረፈ ዕጣ አድርገው የሚመለከቱት ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚህም አልፎ፣ ትምህርት ቤት ራሱ መምህር ሲቀጥር ያንኑ ወንፊት ሲያነሣ እናያለን። ጸሓፊ አንድ ሺህ ማመልከቻ ሲቀርብለት በነጥብ ቢለይ ችግሩ ይገባኛል። ለአንድ የሒሳብ መምህርነት ዐሥራ አምስት ሰው ያመለከተበት ርእሰ መምህር ግን ለምን ያንኑ ያደርጋል?

ለዚያ 2.3 ላገኘው ተማሪ የምሰጠው መልስም ከዚህ ይነሣል። የመጀመሪያው በር በነጥብ ይዘጋበት ይሆናል፤ ይህን አልደብቀውም። ስለዚህ ነጥብ የማይጠየቅበትን በር፣ ይኸውም ጽሑፍና የቃል ፈተና ራሱ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት፣ ገጠር ያለውን ትምህርት ቤት፣ የግል ሥራንም አስቀድሞ ይፈልግ፤ ሁለትና ሦስት ዓመት በሥራ ከቆየ በኋላ ማስታወቂያው የሚጠይቀው ልምዱን ይሆናል። ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለውን ተማሪ ግን ዛሬ የሚያገኘው እያንዳንዱ ነጥብ ነገ በር እንደሚከፍትለት እነግረዋለሁ።

ለሹማምንቱ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። መምህር በምትቀጥሩበት ጊዜ፣ በተለይም ከሱዳን ተመልሰው የሚያመለክቱትን፣ በነጥብ ከመለየታችሁ በፊት እያንዳንዱን 40 ደቂቃ በተማሪዎች ፊት አስተምራችሁ እዩ። ዐሥራ አምስት ሰው በሦስት ቀን ይጠናቀቃል። የማሠልጠኛ ትምህርት ቤታችን ለዚህ የሚሆን ክፍልና ጥቁር ሰሌዳ አያጣም፤ እኔና ባልደረቦቼም ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ለመመልከትና ያየነውን በጽሑፍ ለመስጠት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በፊትም ቢሆን፣ ፈቃደኞች ነን።