ሕጉ «ለዩ» ይላል፣ ገንዳው ግን አንድ ነው!

(በአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር እድር ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዳኛችን ስለ ሰፈራችን ጽዳት አጭር ቃል እንዳሰማ ሲጠይቁኝ «ስለ ቆሻሻ ደግሞ ምን ንግግር አለው?» ያላችሁ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እድር የሚያስበው ለቀብር ነው ያላችሁም ትኖራላችሁ። እኔም ዛሬ የማነሳላችሁ ሰው ስለቀበረ ቆሻሻ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ኮሼ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ዋጠ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ሦስት ቀኑም አለፈ። ያ ተራራ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከ50 ዓመት በላይ ከከተማው ጓዳ ሁሉ እየወጣ፣ እርጥቡ ከደረቁ፣ ጣሳው ከልጣጩ ሳይለይ እላይ በላዩ የተቆለለ ነው።

ለመሆኑ ሕግ አልነበረም ወይ? ነበር እንጂ! አደጋው ከመድረሱ 10 ዓመት በፊት፣ በ1999 ዓ.ም.፣ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ወጥቷል። አዋጁ እያንዳንዱ የቤተሰብ ኃላፊ ተመልሶ የሚያገለግለውን ከሚጣለው ለይቶ ወደተመደበለት ቦታ እንዲያደርስ ያዝዛል። የከተማ አስተዳደሮች ደግሞ በቂ የቆሻሻ ማሰባሰቢያ እንዲያዘጋጁ ግዴታ ይጥልባቸዋል። ጠርሙስና ጣሳ የሚያመርተውም ሆነ የሚያስመጣው መልሶ የሚሰበስብበትን መንገድ እንዲያበጅ ተደንግጓል። ሦስት ግዴታ፣ ሦስት ባለዕዳ! ታዲያ ሲወቀስ የምንሰማው ስንቱን ነው? አንዱን ብቻ። «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም!» ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ግንዛቤ፣ ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር ግንዛቤ!

እስቲ ግንዛቤ አለው የሚባለው ሰው ምን እንደሚገጥመው እንይ። እኔ ቤት ሁለት ኬሻ አለ። በአንዱ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ፤ በሌላው ካርቶን፣ ሃይላንድና ጣሳ ይገባል። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ልጆች ጋሪያቸውን እየገፉ መጡና ሁለቱንም አንድ ላይ ደፏቸው። «ምነው ልጄ፣ ለይቼው አልነበር እንዴ?» ብላት፣ «አባባ፣ እዚያ ያለው ገንዳ እኮ አንድ ነው» አለችኝ። ምን ታድርግ? እውነቷን ነው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ማለት ይኸው ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በማኅበር ለተደራጁት ሰብሳቢዎች ለብዙ ዓመታት ሲከፈላቸው የኖረው በሜትር ኩብ ነው። ማለትም ገንዳው ድረስ ያደረሱት ቆሻሻ እየተለካ! ገንዘቡም ከእኛው ኪስ፣ ከውሃ ሂሳባችን ጋር ተደምሮ ሲሰበሰብ የቆየ ነው። እንግዲህ አስቡት ጎበዝ! ቆሻሻው በበዛ ቁጥር ደመወዙ የሚጨምርለትን ሰው «ለይተህ ቀንስ» ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አይደለም ወይ?

ያገለገለ ዕቃን መልሶ መጠቀም እንደሆነ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቁራሌው ብረቱን፣ ጠርሙሱን፣ አሮጌ ጫማውን እየገዛ ስንት ዘመኑ! ልዋጯ አሮጌ ልብስ ወስዳ ሳፋ ትሰጣለች። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ የተጣለው በርሜል ምድጃ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለእነዚህ ሰዎች ግንዛቤ የሰጣቸው የለም፣ በጀትም አልተያዘላቸውም። ታዲያ እንዴት ሠራላቸው? ሳንቲም ስላለበት! የለስላሳ ጠርሙስ ሳይሰበር ገንዳ ውስጥ ተጥሎ ያየ አለ? መያዣ አለበታ! ሃይላንዱ ግን መያዣ ስለሌለው ቦዩን ይደፍንና ክረምት ሲገባ ጎርፉን ወደየቤታችን ይመልሰዋል። ጠርሙሱን የሚመልሰውና ሃይላንዱን የሚጥለው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ችግሩ የሕዝቡ ጠባይ ሳይሆን የአሠራር ነው።

ባለሥልጣኖቻችን ግን መፍትሔ የሚፈልጉት ሁልጊዜ ከመጨረሻው ጫፍ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ የቆሻሻ መጣያ ተከፈተ። የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፣ በወራት ውስጥም ሥራው ቆመ። ቆሻሻው ተመልሶ ወደ ኮሼ! ዓመት ሳይሞላው ያ ተራራ ተናደ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ረጲ ላይ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት ያመነጫል የተባለ ፋብሪካ ተመረቀ። መልካም! ግን እናቶቼ፣ እርጥብ እንጨት ምድጃ ውስጥ ስትከቱ ምን እንደሚሆን ከእናንተ በላይ ማን ያውቃል? ከከተማችን ቆሻሻ የሚበዛው የጓዳ እርጥብ ነው። ሳይለይ ከሄደ ለእሳትም አይመች፣ ለአትክልት ማዳበሪያም አይሆን፣ ለቁራሌውም አይሸጥ።

በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ፌስታል ይቅር ከተባለ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን የ1999ኙም አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ለማይበልጥ፣ ለማይበሰብስ ስስ ፌስታል የማምረትም ሆነ የማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ስሱ ፌስታል ግን ከየሱቁ ጠፍቶ አያውቅም። ማን ተጠየቀ? አሁንም ቅጣቱ አምራቹን ትቶ ሽንኩርት በፌስታል ያንጠለጠለችውን እናት እንዳይፈልግ እሰጋለሁ።

ታዲያ እንደ እድር ምን እናድርግ? የማቀርበው ሐሳብ 3 ነው።

አንደኛ፣ በየቤታችን ሁለት ኬሻ ይኑር፣ አንዱ ለእርጥብ አንዱ ለደረቅ። ምላጭ፣ መርፌ፣ የተሰበረ ብርጭቆ በካርቶን ተጠቅልሎ ይውጣ። ያንን ኬሻ ባዶ እጇን የምትበረብረው የሰው ልጅ ናት። ይህችን ለማድረግ የማንንም መመሪያ አንጠብቅም።

ሁለተኛ፣ «ገንዳው አንድ ከሆነ መለየቱ ምን ሊረባ?» ለሚለኝ መልስ አለኝ። ደረቁ ገንዳው ጋ አይድረስ! ከእድሩ ዕቃ ቤት ጎን ይጠራቀም፣ ቁራሌው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ በኪሎ ይግዛን። ከሽያጩ ለሰብሳቢዎቹ ልጆች ጓንትና ቦት ጫማ ይገዛላቸው። ጭነታቸው ሲቀንስ ክፍያቸው እንዳይጎዳ የቀረውም ለእነሱው ይሰጥ።

ሦስተኛ፣ በእድራችን ማኅተም ለወረዳው ደብዳቤ እንጻፍ። ሁለት ጥያቄ ብቻ፦ ሁለተኛው ገንዳ መቼ ይመጣል? ለጽዳት ተብሎ ከውሃ ሂሳባችን ጋር የተሰበሰበው ገንዘብስ ምን ላይ ዋለ? መልሱም በጽሑፍ ይሁንልን።

«ይሄ ነገር ፖለቲካ ይሆንብናል» የሚል አይጠፋም። ይሁና! እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ፈርቶ አያውቅም። ሰው እንዳይሞት ደብዳቤ ለመጻፍስ ማንን ይፈራል?