ለትርኢት የሚቀርብ የሱፍና የጥጥ ልብስ ከብል ስለሚጠበቅበት መንገድ



በአንድ የሙዚየም አዳራሽ የመንዝ በርኖስ ሲቆም ጎብኚው የሸማኔውን ጥበብ ያደንቃል። ለብል ግን ያው በርኖስ ምግብ ነው። ልብስን የምትበላው በጨለማ የምትበረው ወርቃማ ቢራቢሮ አይደለችም፤ የእርሷ አፍ ለመብላት አይረዳም። የሚበላው ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል ነው። ይህ ትል የሱፍ፣ የጠጕርና የላባ መሠረት የሆነውን ኬራቲን ለመፍጨት ስለሚችል በርኖስ፣ ባናና ጎፈር ያለበት ለምድ ከሁሉ አስቀድመው ይጠቃሉ።

ንጹሕ የጥጥ ሸማ እምብዛም አይስማማውም። ሆኖም በአንገቱ በኩል ቅቤና ላብ የጠጣ ሸማ ሲያገኝ እድፉን እየተከተለ ድርና ማጉን ይቆርጣል። ባለሙያው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። እድፉ የለባሹን ኑሮ የሚመሰክር በመሆኑ ማጠቡ ታሪክን መፋቅ ይሆናል፤ መተዉም ብልን መጋበዝ ነው። እንዲህ ያለው ልብስ ሳይታጠብ፣ በሚገባ በተገጠመ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ሆኖ አዘውትሮ ቢመረመር ይሻላል።

ብል ብርሃንን ስለሚሸሽ መብራት ያረፈበትን ፊት ማየት ብቻ አይበቃም። እጥፋቱ፣ ገበሩና የኮሌታው ሥር መገለጥ አለባቸው። ትሉ የጣለው ኩስ አሸዋ ይመስላል፤ ቀለሙም የበላውን ልብስ ቀለም ይይዛል። በጥቁር በርኖስ ሥር ጥቁር ደቃቅ ነገር ሲታይ አቧራ ነው ተብሎ የሚጠረገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላው ጠላት ምንጣፍ የሚበላው ጥንዚዛ ነው። ትሉ በጣራ ሥር ባለ የርግብ ጎጆ ይራባል፤ ጥንዚዛው ራሱ የአበባ ብናኝ ይበላል። ለትርኢት መክፈቻ የአበባ እቅፍ የሚያስገቡ ሹማምንት ይህን ቢያውቁ መልካም ነበር።

ቀደም ሲል አርሴኒክና ዲዲቲ ይነሰነስ ነበር። መርዙ እስከ ዛሬ በአሮጌ ዕቃዎች ላይ ሊገኝ ስለሚችል የሚነካቸው ሠራተኛ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልገዋል። ዛሬ የሚመረጠው ብርድ ነው። ልብሱ በላስቲክ ተጠቅልሎና ታሽጎ ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ 3 ቀን፣ ወይም በተራ ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ 2 ሳምንት ይቆያል። በመካከሉ መብራት ከተቋረጠና ብርዱ ከላላ ቆጠራው እንደ ገና ይጀመራል። ልብሱ ከወጣም በኋላ ላስቲኩ እስከ ማግስቱ አይፈታም፤ አለዚያ ከአየሩ የሚመጣው ጤዛ በቀዝቃዛው ሱፍ ላይ ያርፋል።