ሾፌሩም የሚቀምሰው

ዝዋይ ላይ የካስቴል ወይን በ2006 ዓ.ም. ለገበያ ከበቃ ወዲህ፣ ጓደኛ ተጠራርቶ እርሻው ድረስ ወርዶ የሚቀምስ አለ። እዚህ ከሚሴ ከተማ ግን አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነውና የዚህ አገር ቅምሻ ወተት ነው።

ከከተማው አቅራቢያ ያለውን የጨፋ ሜዳ የቦርከና ወንዝ ያረሰርሰዋል። በበጋ ዙሪያው ሲደርቅ የአፋር አርብቶ አደር ሳይቀር ከብቱንና ግመሉን እየነዳ ወደዚህ ረግረግ ይመጣል። የላሟ ወተት በወይራ ጭስ ከታጠነ ዕቃ ሲቀዳ፣ መዓዛው ከአፍ ቀድሞ አፍንጫ ይደርሳል። የግመሉ ቀጠን ያለ ነው፤ ጨው ጨውም ይላል። ጣዕሙ ግመሏ እንደበላችው ቅጠልና እንደጠጣችው ውሃ ይለያያል፤ ወይን ቀማሾች ስለ አፈር የሚያወሩት እዚህም ይሠራል።

እኔ የግመሉን አስቀድማለሁ፤ ጓደኞቼ እርጎ ይላሉ። ደግነቱ፣ ሾፌራችንም አብሮን ይጠጣል።