የዝናቡ ወር ሕክምና

በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ግዛት፣ ካርኪዳካም የሚሉት ወር በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 10 እስከ ነሐሴ 10 ገደማ ይውላል። ዝናቡ አያባራም፤ የእርሻው ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ሰውም ፊቱን ወደ ገላው ጤና ያዞራል። ከሩዝ፣ ከአብሽና ከልዩ ልዩ ቅጠላቅጠል የተሠራ ትኩስ አጥሚት ይጠጣል፣ ሰውነቱን በዘይት ይታሻል፣ ከከባድ ምግብ ይታቀባል። አዩርቬዳ የተባለው ጥንታዊ የሕንድ ሕክምና በትውልድ አገሩ ይህን ይመስላል፤ ከመድኃኒትነቱ ይልቅ የኑሮ ሥርዓትነቱ ያመዝናል። ጎህ ሳይቀድ መነሣት፣ ምላስን መፋቅ፣ የበሉት ሳይፈጭ ሌላ አለመደረብ ከጥንት ምክሮቹ መካከል ናቸው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ፒ. ኤስ. ቫሪየር በዚያው በኬረላ፣ በኮታካል ከተማ የመሠረቱት አርያ ቫይድያ ሳላ የተባለው የአዩርቬዳ ተቋም ዛሬም በሽተኛ ያክማል፣ መድኃኒትም ያዘጋጃል። በሕንድ የአዩርቬዳ ሐኪም ለመሆን የሚያበቃው የመጀመሪያ ዲግሪ አምስት ዓመት ተኩል ይወስዳል። ለቱሪስት በሁለት ሰዓት «ሙሉ ፈውስ» ተብሎ የሚሸጠው የሆቴል መታሻ እንግዲህ ከዚህ ሕክምና ጋር ዝምድናው የሩቅ ነው!

በመድኃኒት ላይ የሚታይ «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍም ዋስትና አይሆንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት በኢንተርኔት ተገዝተው ከተመረመሩት 193 የአዩርቬዳ ምርቶች ከአምስቱ አንዱ ገደማ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ እንዳለበት አሳይቷል። አንዳንዱ ማዕድን በስህተት የገባ ሳይሆን፣ «ራሳ ሻስትራ» በሚባለው የቆየ ስልት ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው።

ስለዚህ ውድ አድማጭ፣ ማለዳ መነሣቱንና በልክ መብላቱን ያለ ስጋት ይልመዱት፤ ምንነቱን የማያውቁትን ዱቄትና ክኒን ግን ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይዋጡ።