ትንቢትና የአንባቢው ተስፋ



ከመተማ ተነሥቶ በዶካ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚዘልቀው መንገድ ሁለት የተስፋ አገሮችን ያገናኛል። በሱዳን መሐመድ አሕመድ በ1873 ዓ.ም. የሚጠበቀው ማህዲ ነኝ ብሎ ተነሣ። በኢትዮጵያም ከእርሱ አስቀድሞ የቋራው ካሳ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ ቴዎድሮስ ተባለ፤ ፍካሬ ኢየሱስ በዚህ ስም ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራልና። በመሳፍንት ጦርነት የደከመ ሕዝብ ሰላም የሚያመጣ ንጉሥ ይሻ ነበር፤ የሚሻውንም በመጽሐፉ ውስጥ አነበበ። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞት የመጽሐፉ ቃል እንዳለ ነበረ፤ የወደቀው የአንባቢው ተስፋ ነው።

የኤማሁስ መንገደኞችም እንዲሁ ነበሩ። ኦሪትንና ነቢያትን ያውቃሉ፤ ነገር ግን እስራኤልን ነጻ የሚያወጣ ኃያል ይጠብቁ ስለ ነበር፥ መከራ የሚቀበል መሲሕ አልታያቸውም። ከትንሣኤ በኋላ ያንኑ መጽሐፍ በሌላ ዓይን አነበቡት። እንግዲህ ክርስቲያን በኢሳይያስ 53 ክርስቶስን የሚያየው አስቀድሞ ስላመነም ጭምር መሆኑን ይወቅ፤ በዚያው ምዕራፍ የእስራኤልን መከራ የሚያየውንም አይሁዳዊ አይናቀው።

ይህን ምዕራፍ በሠረገላው ላይ ሆኖ ያነብ የነበረው የህንደኬ ጃንደረባ ነው፤ የንግሥቲቱን መንበር ብዙ የታሪክ ሊቃውንት በሱዳን ባለችው በመርዌ ያደርጉታል። ጃንደረባው የሚሻውን በመጽሐፉ ላይ አልጫነም፤ ነቢዩ የሚናገረው ስለ ማን እንደ ሆነ ፊልጶስን ጠየቀው እንጂ። መምህርም ለተማሪው ከመልሱ በፊት ይህን ጥያቄ ያስተምረው።